የዘበኛው ማር

በራችን ሲንኳኳ እናቴ መጀመሪያ መጋረጃውን ትዘጋለች፤ ቀጥላ «ማን ነው?» ትላለች፤ መልሱን ሰምታም ትንሽ ትቆያለች። ውኃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ እንኳ ዐመሏን ለምዶ፣ ገና ደረጃው ላይ ሳለ «እኔ ነኝ እናቴ፣ የውኃ ነኝ!» እያለ ይመጣል። ልጅ ሆኜ ያሳፍረኝ ነበር። ሳድግ ደግሞ ያናድደኝ ጀመር። «እማዬ፣ ማን ይመጣብናል? ምን አለንና?» ስላት «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ብላ ታልፈኛለች። የእኔም አፍ አያርፍም፤ «ሌባ ቢገባ አዝኖልን ነው የሚወጣው» እላታለሁ። አትሥቅም።

ከበር የባሰ የምትፈራው ጥያቄ ነበር። ታክሲ ውስጥ አንዷ ጨዋታ ወዳድ ሴትዮ «አገርሽ ወዴት ነው? የማን ልጅ ነሽ?» ካለቻት በቃ፣ መውረጃችን ሳይደርስ «ወራጅ አለ!» ትልና በእግር ታስኬደኛለች። በዚህ ምክንያት መስቀል አደባባይ ወርደን በጠራራ ፀሐይ እስከ ካዛንቺስ የተጓዝንበት ቀን ብዙ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ስለ ነገሥታት መወራት ሲጀምር ታጠፋዋለች። ማር ደግሞ ቤታችን አይገባም። ሰርግ ቤት የጠጅ ብርሌ ሲያቀርቡላት ከንፈሯን በእጇ ሸፍና ፊቷን ታዞራለች። ጨጓራዋን ያማታል ብለን ተውናት።

እኔ የተወለድኩት ካዛንቺስ፣ አንድ ትልቅ ቪላ ጓሮ ባለች ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ቪላው ድሮ የአንድ መስፍን ቤት ነበር ይባላል። አብዮቱ ከወረሰው ወዲህ በየክፍሉ ተከፋፍሎ አባወራ ታጭቆበታል፤ ሳሎኑ ለብቻው በኮምፔንሳቶ ተከፍሎ ሁለት ቤተሰብ ይይዛል። አያቴ የመስፍኑ ዘበኛ ስለነበር ሰርቪሷ ለእሱ ደረሰችው። አባቴ በሕፃንነቴ ስለሞተ፣ አባትም አያትም የምለው ያንን ዘበኛ ነበር። አባባ እለዋለሁ።

አባባ የነሐስ ቁልፍ ያለው አሮጌ ካፖርት ነበረው። ሲመሻሽ ካፖርቱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ የግቢው በር ሥር ይቀመጣል። የሚጠበቅ ነገር ግን አልነበረም፤ በሩ ራሱ አንድ ማጠፊያው ተነቅሎ ዘምሞ ቆሟል። «አባባ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ስለው ወደ እናቴ እያየ «ያለውን» ይለኝ ነበር። እናቴን በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ «እመቤት» ነው የሚላት። ምግብ ሲቀርብ እሷ ሳትቆርስ አይቆርስም። ጎረቤቶቻችን «እንዲህ ልጁን የሚፈራ አባት አየን!» እያሉ ይሥቁበታል። እሷ ደግሞ በሰው ፊት «አባዬ» ትለዋለች፤ ብቻችንን ስንሆን ግን ምንም ሳትለው ዝም ብላ ነው ወሬዋን የምትጀምረው። ይኼን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

አገሩ ሄዶ አያውቅም። «ዘመድ የለህም እንዴ?» እለዋለሁ። «ሞልቷል።» «ታዲያ ለምን አንሄድም?» «መንገዱ ጠፋኝ፣ የኔ ልጅ።» ሲሞት ከአገሩ አንድ ሰው አልመጣለትም። እድሩ ቀበረው። እኔ ደግሞ ካፖርቱን ለብሼ አልቅሼ አልቅሼ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ካዛንቺስ ሲነሣ እኛም ተነሣን። ዕቃችን አይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ ሰዉ ሁሉ እየተላቀሰ ሳለ እናቴን አጣኋት። ብፈልጋት ቪላው ደረጃ ላይ ተንበርክካ በነጠላዋ ጫፍ አቧራ ትጠርጋለች። «ምን ሆነሻል? ሊፈርስ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩባት። «ቆሽሾ ነው» አለችኝ። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ገባን፤ መጀመሪያ የሰቀለችው ያው መጋረጃውን ነው።

እጮኛዬን ያገኘሁት ኡራኤል አካባቢ በምሠራበት ቢሮ ነው። ኮምፒውተሬን ሊጠግን መጥቶ ነካካውና «ችግሩ ኮምፒውተሩ አይደለም፣ አንቺ ነሽ» አለኝ። እንደኔ ያለችውን ተሳዳቢ ደፍሮ የተናገራት ስላልነበር ወደድኩት። ዓመት አለፈን፤ ከዚያ ሽማግሌ እልካለሁ አለ። ለእናቴ ስነግራት ፊቷ በራ። ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። «አገር ቤት ሰው አላቸው?» አለችኝ። «አያቱ ከአገር ይመጣሉ፤ እሳቸው ሳይኖሩ አይሆንም ብሏል።» ተነሥታ የታጠበውን ሰሃን እንደገና አጠበችው።

አያትየው ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው በአንድ እሑድ መጡ። ረጅም፣ ዱላቸው ከእሳቸው የሚረዝም ሽማግሌ ናቸው። ወጉ ነውና ጉዳያቸውን ቆመው ተናገሩ፤ እናቴም «ይቀመጡ፣ ልጄ ልጅዎ ናት» አለች። እኔ መኝታ ቤት ሆኜ በር ገርበብ አድርጌ እሰማለሁ። እስኪ እልል ልበል እያልኩ ሳለ አያትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ ሰባት ቤት እንቆጥራለን» አሉ። እኔ በሆዴ ሣቅሁ፤ በዚህ ዘመን፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ! ወጉ ግን ያው ወግ ነው። በእኛ ዘንድ ሙሽሪትና ሙሽራው እስከ ሰባት ትውልድ በአያት በቅድመ አያት እንደማይገናኙ ካልታወቀ ጋብቻ የለም።

በአባቴ በኩል የሚገናኝ አልተገኘም። እናቴ የእሷን ወገን መቁጠር ጀመረች። ድምፅዋ ሌላ ሆነ፤ ፈጣን፣ ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ ያለ። የአባባን ስም ጠራች፤ የአባቱን፤ የአያቱን። ሦስተኛው ላይ የአያትየው ዱላ ወለሉ ላይ ወደቀ። አራተኛውን እናቴ ስትጠራ እሳቸውም አብረው ጠሩ። አምስተኛውን ሁለቱም። ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውን። አንዱ በሌላው አፍ እንደሚናገር።

«አባትሽ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው?» አሉ ሽማግሌው።

«ነበረው» አለች፣ በማይሰማ ድምፅ።

«እኔ ነኝ የፈነከትኩት! ልጆች ሳለን! ወንድሜ! የወንድሜ ልጅ!» ብለው ዘለው አቀፏት። በበሩ ስንጥቅ አየኋት፤ እጇ ግራና ቀኝ ተንጠልጥሎ እንጨት ሆና ቆማለች። እሳቸው እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፤ ስንት ዘመን በረሃ በልቶታል ብለው ተዝካሩን ያወጡለት ወንድማቸው ለካ አዲስ አበባ ልጅና የልጅ ልጅ አለው። ከዚያ ተቀመጡ። ከዚያ እኔን የገደለኝን ነገር ተናገሩ። «እሰይ፣ አገኘኋችሁ። ጋብቻው ግን ቀረ። ደማችን አንድ ነው።»

ሰማይ ተደፋብኝ። እጮኛዬ ደወለ። «ማለቴ… እኔ ሁለተኛ ሦስተኛ ኮዚን ምናምን አይገባኝም፤ እንጋባለን፣ በቃ» አለኝ። «አያቴ ግን ይረግመኛል። እሱ ከረገመኝ… ሲሪየስሊ፣ እኔ እፈራለሁ።» እኔም ፈራሁ። ያገር ሽማግሌ እርግማን ላይ የሚያፌዝ ሰው እርግማን ደጁ ቆሞ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ በሚቀጥለው እሑድ ተመልሰው የወንድማቸውን መቃብር አይተው፣ የጋብቻውን ነገር በይፋ ሊዘጉት ቀጠሮ ይዘዋል።

እናቴ እንደ ታመመ ሰው ሆነች። አትበላም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች። አንድ ቀን ከቢሮ ስመለስ ግን አላስቻለኝም። «ምን አጠፋሁ? ምን አድርጌ ነው እንዲህ የሚደረገኝ?» ብዬ ጮህኩ። እየሮጠች መስኮቱን ዘጋች። መጋረጃውን ሳበች። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ጆሮዬ ሥር፣ «አባትሽ… ማለቴ አባባ… እሱ አባቴ አይደለም» አለችኝ።

የቪላው መስፍን ነበር አባቷ።

ከአገር ቤት አምጥቷት ገና ክረምት አልወጣም፤ የመኳንንት ልጅ ደጅ አትወጣምና ሰፈሩ መልኳን አያውቃትም። አንድ ጠዋት ታጣቂዎች መጥተው አባቷን በፒጃማው ወሰዱት። ሬሳውን እንኳ ያየ የለም። የቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ተበተነ፤ ዘበኛው ብቻ ቀረ። ራሷን ላጫት፣ ከሰል ፊቷ ላይ ፈገፈገ፣ ጨርቅ አለበሳት፣ ሰርቪስ ቤት አስቀምጦ የራሱን ሰባት ቤት ያስጠናት ጀመር። ስትሳሳት እንደገና። ስታለቅስ እንደገና። ታጣቂዎቹ ተመልሰው ግቢውን ሲፈትሹ አንዱ አጎንብሶ «የማን ልጅ ነሽ?» አላት። የዘበኛውን ስም ነገረችው። «የእሱስ አባት?» ነገረችው። ሰውየው ቀልድ ይዞ እየቀጠለ ጠየቃት፤ እስከ ሰባተኛው አደረሰችለት። «ይቺማ የገባር ልጅ ናት፤ ጌቶች እንዲህ አይቆጥሩም» ብሎ ሥቆ ሄደ።

«ቆጠራው ነው ያተረፈኝ» አለችኝ። «አባባም አገሩ ያልሄደው ለዚህ ነው። ያኔ ልጅ እንዳልነበረው ያውቃሉ። ቢሄድ ቃሉ ይወጣል፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ።»

እኔ ምን ልበል? ልዕልት ነኝ ብዬ ልዝለል? የመጀመሪያ ሐሳቤ አባባ ሄደብኝ የሚል ነበር። ካፖርቱን ለብሼ ያለቀስኩለት ሰው አያቴ አይደለም ማለት ነው። ሁለተኛው ሐሳቤ ግን የራስ ወዳድ ነው፤ እንግዲያ ዘመድ አይደለንማ! «ንገሪያቸው! ለሽማግሌው ንገሪያቸው!» አልኳት።

«አብደሻል? ያ አገር እኮ በአባቶቼ ጅራፍ የኖረ አገር ነው። እሳቸው የማን ልጅ እንደሆንኩ ቢያውቁ ልጃቸውን ለእኔ ልጅ የሚሰጡ ይመስልሻል? ደግሞ ዘመን አይታመንም። ዛሬም እኮ ሰው የማን ዘር ነህ እየተባለ ነው።»

«ዝም ካልሽ እኔ ቁሜ ቀረሁ» አልኳት። እስከ እሑድ ድረስ ምን እንደምታደርግ አላውቅም ነበር። ምነው ያቺ እሑድ በቀረችብኝ እያልኩ ከረምኩ።

እሑድ መጡ። አያትየው አንድ ቅል ይዘዋል። «ማር ነው» አሉ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ወንድሜ ትቶት ከሄደው ቀፎ ዘር ነው፤ ልጁ ትቅመሰው።» እናቴ ቅሉን ስታይ ነጭ ሆነች። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ። አልተቀመጠችም። እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ መሀል ወለሉ ላይ ቆመች።

«እኔ የወንድምዎ ልጅ አይደለሁም» አለች። «የገዛ ሰባት ቤቴን ልቁጠርልዎ። አባቴ ከላይ ወደ ታች ነበር የሚያስቆጥረኝ።»

ሰባተኛው፣ አለች፣ ቆላ እየወረደ የነጋዴ በቅሎ የሚዘርፍ ሽፍታ ነበር። ልጁ ታርቆ ገባ፤ አባቱ የዘረፈበትን መንገድ ጠባቂ አደረጉትና ደጃዝማች ተባለ። የእሱ ልጅ ራስ ሆነ። የዚያ ራስ ልጅ ዘውድ ጭኖ ነጋሪት አስጎሰመ፤ ደብር ተከለ፤ ከወንዝ እስከ ወንዝ ንጉሥ ተባለ። እዚህ ላይ ድምፅዋ ትንሽ ቀና አለ፤ እኔም ሳላስበው ቀና አልኩ። «ከዚያ ልጆቹ ተበላሉ» አለች። አንዱ ወንድሙን በሰንሰለት አምባ ላይ አሰረው፤ እነሱ ሲጣሉ ከመሀል አገር ጦር መጣና ዘውዱን ወሰደው። የአሳሪው ልጅ መሬቱ ብቻ ቀረለት። ያጣውን ንግሥና በገባሩ ጀርባ ተወጣው።

«ቆይ» አሉ ሽማግሌው።

ከታች የሚኒባስ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ይሰማል።

«እሱን አውቀዋለሁ። አባቴን ዋርካ ሥር አስተኝቶ ያስገረፈው እሱ ነው። የማር ግብር ጎደለ ብሎ፤ ለአንድ ጉንዶ ማር! ያ ነው አያትሽ?»

«እሱ ነው።»

«ወንድሜ ይኼን ያውቃል?»

«ያውቃል። ሲገረፉ ቆሞ አይቷል። ነግሮኛል።»

«እያወቀ ነው ያንን ዘር ደብቆ ያሳደገው? እናቱን ሳይቀብር የቀረው ለዚህ ነው?» ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። እኔ አፌን በትራስ አፈንኩ። ይመቷታል፣ ወይም ይረግሙናል፣ ወይም ወጥተው ይሄዳሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልሄዱም። እናቴ ፊት ቆመው ብዙ ጊዜ አዩዋት።

«አባትሽስ?» አሉ በመጨረሻ።

«አባቴማ ንጉሥ ደጅ ሲጠና ነው ያለቀው። ቪላ ነበረው። ጠዋት ጠዋት እጅ የሚነሣው ሰው ግን ወንድምዎ ብቻ ቀርቶ ነበር።»

ተመልሰው ተቀመጡ። የሚቀጥለውን ጥያቄ ሲጠይቁ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንድ ነገር ንገሪኝ፤ በሥላሴ ፊት ነሽ። ጡት አጥብቶሻል?»

እኔ ከተሜዋ እንኳ ይኼን አውቃለሁ። ሰው የሰው ልጅ ወስዶ የራሱ ሲያደርግ አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ያጠባዋል። ልጁ ከጠባ የጡት ልጁ ነው፤ ጡት ደግሞ ከደም አያንስም። አጥብቶኛል ካለች እኔና እጮኛዬ ያው ዘመዶች ነን። አላጠባኝም ካለች ደግሞ ያሳደጋትን፣ ያተረፋትን ሰው አባቴ አይደለህም ማለቷ ነው።

እናቴ ቅሉን አየችው። «አላጠባኝም» አለች።

«አልሞከረም?»

«ሞከረ። ታጣቂዎቹ የሄዱ ቀን። ከየት እንዳገኘው እንጃ፤ ትንሽ ማር አምጥቶ ጣቱን ቀባና ‹እመቤት፣ በስም ብቻ ሳይሆን በእግዜር ፊትም ልጄ ሁኚ› አለኝ።» ከዚያ እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረች። «አፌን ዘጋሁበት። ፊቴን አዞርኩ። ‹የዘበኛ ጣት አልጠባም› አልኩት። ራሴን ተላጭቼ፣ ጨርቅ ለብሼ፣ አባቴ ሞቶ! የንጉሥ ልጅ ነኛ!»

«እሱስ ምን አለ?»

«ሣቀ። ጣቱን ራሱ ላሰው። ‹ኩራትሽን ለእኔ ብቻ አሳዪኝ፤ ደጅ ግን ዋጪው› አለኝ። ሳድግ ልጠይቀው ፈለግሁ፤ አፈርኩ። ዛሬ ነገ እያልኩ ሞተብኝ። ከዚያ ወዲህ ማር በአፌ አልዞረም።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መሰለኝ፤ ለካ ይሥቁም ነበር። «ጣቱን ራሱ ላሰው!» አሉ። «ወንድሜ ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም። ማር አይጥልም።» ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ፈረዱ። «ደም የላችሁም። ጡትም የላችሁም። የአያትሽን ነገር ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ። ልጆቹ ይጋቡ። ኩራትሽ ለልጅሽ በጃት።» በሩ ላይ ሲደርሱ ዞሩ። «ስሙን ግን ያዢው። እሱ የሰጠሽን እኔ አልነጥቅሽም። ዝምድናው ግን የለም፤ እንዳትረሺው።»

ከመኝታ ቤት ስወጣ እናቴ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች። ደረጃው ላይ የሽማግሌው ዱላ ቋ ቋ ሲል ገና ይሰማል። ልጮኽ፣ እልል ልል፣ ላቅፋት አፌን ስከፍት የቅሉን ክዳን አነሣችው። አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነከረችው። አፏ ውስጥ ከተተችው፤ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ ሕፃን ጠባችው።

«አባዬ» አለች። ሰው ፊት ሳትሆን ስትጠራው የሰማኋት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ከታች የዱላው ድምፅ ቆመ። የረሱት ነገር ትዝ ብሏቸው ይሆናል፤ ይመለሱ ይሆናል። ጣቷን ካፏ ካዩ፣ ጡት ጠባች ብለው ጋብቻውን ይዘጉታል።

«ቆይ፣ እማዬ፣ ቆይ» አልኩና ሮጬ መጋረጃውን ዘጋሁላት።